ስለ ወንድሜ እጅ የቀረበ ምስጋና

ለሐይቁ ዳርቻ ቱሪዝም ልማት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፤ ቢቻል ደግሞ አንድ እጅ ስለማስወረድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥዬም የምክትሎችዎን፣ የአማካሪዎችዎንና የጸሐፊዎን ደኅንነት፣ በመጨረሻም ደጅ በምጠናበት ሰሞን በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ኮሪደሩ ቀዝቃዛ አየር እያሾለከ ያጽናናኝን የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በበኩላችን ደኅና ነን። ደኅና ነን የምንለውም ደኅንነት ተርፎን ሳይሆን፣ ሌላ መልስ ብንሰጥ ሌላ ስብሰባ ይጠራብናል ብለን ስለምንፈራ ነው።

እኔ ከድሮው የጀልባ መውረጃ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ የምሠራ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን የሸፈነ አንድ መስታወት፣ ቧንቧ ሲቋረጥ የምጠቀምበት ባልዲ፣ እንዲሁም «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማንም የማያከብረው ጽሑፍ አለኝ። ክቡርነትዎ እኔን እንደማያውቁኝ አውቃለሁ፤ በዚህም አልቀየምም። ታላቅ ወንድሜን ግን በሚገባ ያውቁታል። ጀልባ ቀዛፊው ነው፤ ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ፣ አፉን ገርበብ እንዳደረገ፣ በከተማችን ትልቁ ቢልቦርድ ላይ ያሰቀሉት ሰውዬ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ እጅ ነው። ያ ፎቶ ከዚያ እስካልወረደ ድረስ ወንድሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እንደማይታረቅ፣ ካልታረቀም በሐይቁ ላይ ሠርቶ ማደር እንደማይችል ቁልጭ ብሎ ስለታየኝ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልተከፈለ ነገር በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ጸሐፊዎ በትሕትና ነግረውኛልና።

አንደኛ፦ ባለድርሻ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ከመከፈቱ በፊት እኛ ራሳችንን የምናውቀው እንዲሁ ነዋሪ ብለን ነበር፤ ገፋ ሲል ደግሞ ግብር ከፋይ። ባለድርሻ አካላት መሆናችንን የሰማነው ከእርስዎ ነው። ድርሻችን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ባይነገረንም፣ ድርሻ እንዳለን መስማቱ ብቻውን ለአንድ ሰሞን አንገታችንን ቀና አድርጎን ሰንብቷል። የዘላቂ ቱሪዝም ረቂቅ ፖሊሲው ያለ ኅብረተሰቡ ተሳትፎ እንደማይጸድቅ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ ወንበሬ ላይ የነበረው ደንበኛ ከነሳሙና አረፋው ተነሥቶ ወጥቶ እስከሚያዳምጥ ድረስ ነበር ደስታችን።

ከየዘርፉ አንድ ተወካይ ተብሎ ጥሪ ሲደርስ የኔ ሙያ ለብቻው ዘርፍ ለመሆን እንደማይበቃ ተገለጸልን። «ውበትና ተዛማጅ አገልግሎቶች» በሚል ስር የሙሽራ ልብስ ከምታከራየው ጎረቤቴ ጋር ተደባለቅን፤ ተወካያችንም እሷ ሆነች። በዕለቱ ግን ሰርግ ነበረባትና መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ የከተማው ጸጉር አስተካካዮች በሙሉ የተወከልነው ስማችን በተለጠፈበት ባዶ ወንበር ነው። ወንበሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዳች ተቃውሞ እንዳላሰማ ከታማኝ ምንጭ ሰምቻለሁ። ታማኙ ምንጬ የሐይቅ ዳር ሆቴሉ ባለቤት ናቸው፤ ጢማቸውን የምላጨው እኔ ነኝ፤ እዚያም ከወንድሜ ጎን ተቀምጠው ነበር።

ጀልበኞቹን የወከለው ወንድሜ ነው። እሱን የመረጡት አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ሦስት ቃል በተከታታይ መናገር ካለበት በመሀል አንዴ ይውጣል። የመረጡት ማንንም ቀድሞ ስለማያውቅ ነው። ቅጽል ስሙ ራሱ «ተረኛው» ነው። እናታችን በሕይወት እያለች እንኳ ምሳ ሲወጣ ሁሉም ተሻምቶ ካበቃ በኋላ ነበር እጁን የሚዘረጋው፤ እኔ ታናሹ እየቀደምኩት ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለ ሰው አይሸጠንም አሉ ጓደኞቹ። አልተሳሳቱም፤ የተፈጠረው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ትንሽ ይረዝማልና ክቡርነትዎ ከተቻለ ተቀምጠው ያንብቡት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ለአማካሪዎችዎም ግብዓት ይሆናል። ጀልበኞች የሚሠሩት በተራ ነው። አንድ ቀዛፊ ከማዶ ሰው ጭኖ ወደ ዳር ሲጠጋ አንድ እጁን ያነሣል፤ ዳር ላይ የቆመው ተራ አስከባሪ አይቶት በአገጩ ምልክት እስኪሰጠው ድረስም አያወርደውም። በነፋስና በሞተር ጩኸት መሀል ሰው ቢጣራ ስለማይሰማ ነው ልማዱ እንዲህ የሆነው። ምልክት ሳያገኝ እጁን ያወረደ ሰው ተራውን ለቀቀ ማለት ነው፤ ከኋላው ያለው ያልፈዋል፤ እሱም አይከራከርም። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ እጁ እየቀዘፈ በሌላው ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እጁ ከተነሣ በኋላ ሳይፈቀድለት መውረድን አያውቅም።

እንግዲህ በዚያ ወፍራም መጋረጃ በተጋረደበት አዳራሽ ውስጥ አማካሪው ፕሮጀክተሩን አብርተው ስለ ዘላቂነት ሲያስረዱ፣ ቀስቶቹ እርስ በርስ የሚከታተሉበትን ክብ ሲያሳዩ፣ ወንድሜ እንደ ተባለው ሁሉንም በጽሞና ተከታትሏል። ቀጥሎ የአዲሱ የሐይቅ ዳርቻ ሥዕል መጣ። ጥላዎች ነበሩ፣ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ልጅ እየመሩ ይሄዱ ነበር። ወንድሜ የራሱን መውረጃ ፈለገ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት ጀልባ አገኘ፤ ሣር ላይ ተቀምጣ ውስጧ አበባ ተተክሎባታል። እጁን ያነሣው ያኔ ነው።

ሊጠይቅ የፈለገው ከባድ ነገር አልነበረም። ክሊኒኩ ያለው ከድሮው መውረጃ ጀርባ ነው፤ ከማዶ የታመመ ሰውና ምጥ የያዛት ሴት የሚመጡት በጀልባ ነው። «ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ጀልባ የት ይቁም?» ይህችው ነበረች ጥያቄው። ቤቱ ሲደጋግማት አድሮ ሳይሆን እዚያው ወንበሩ ላይ የመጣችለት ናት። መድረክ መሪው አይተውታል፤ ቆይ በሚል መዳፋቸውን ወደ እሱ ዘርግተዋል። ለወንድሜ ይህ ማለት ታይተሃል፣ ተራህን ጠብቅ ማለት ነው። ጠበቀ። ሌሎች ተናገሩ። ሆቴል ባለቤቶቹ ተናገሩ፣ አስጎብኚዎቹ ተናገሩ፣ ለመናገር የተነሡ አንድ ሰው ንግግራቸው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ጠፍቷቸው ብዙ ቆዩ። እሱ እጁ እንደተነሣ ነው።

በዚህ መሀል ክቡርነትዎ ሌላ መርሐ ግብር እንዳለብዎ ተነገረ። መድረክ መሪውም የቀረውን ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ እንቀበላለን፣ አሁን በቀጥታ ወደ ውሳኔው እንለፍ፣ ፖሊሲውን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አሉ። ወንድሜ እጁን አላወጣም፤ ወጥቶ ነበር። ማውረድ ነበረበት። ይህንን ጓደኞቹም፣ ሚስቱም፣ እኔም ነግረነዋል። እሱ ግን አሁን ካወረድኩ ተራዬ ያልፋል፣ ከድጋፉ ቀጥሎ የሚጠሩት እኔን ነው ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ ካሜራው ብልጭ አለ። ሆቴል ባለቤቱ ጢማቸውን ስላጭ እንደነገሩኝ፣ «ወንድምህ ቀድሞ እጁን አንሥቶ ስናይ እኛም ተበረታታን፤ ጀልበኛው ከደገፈ እኛ ማን ነን ብለን።» ምላጬ አገጫቸው ስር ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ፎጣ አቀበልኳቸው።

ፖሊሲው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ እርስዎም ከነአጃቢዎችዎ ወጡ። ወንድሜ እጁን እንዳነሣ ነበር። በመጨረሻ አንዲት አስተናጋጅ ልጅ ክንዱን በቀስታ ይዛ «አባቴ፣ ምሳ እኮ ቀርቧል» ብላ አወረደችለት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከልብ ያስተናገደችው እሷ ብቻ ነችና ስሟን ባውቅ ኖሮ የደብዳቤዬን ግማሽ ለእሷ እጽፍ ነበር።

ሦስተኛ፦ ለፎቶው ጥራት አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ የጠራ ፎቶ ቤተሰባችን ኖሮት አያውቅም። የአውራ ጣቱ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል፤ ገመድ የበላው ነው። ቢልቦርዱ የተተከለው የጀልባ ገመድ ይታሰርባቸው የነበሩት ግንዶች በተነቀሉበት ቦታ ነው፤ ከስሩም በወንድሜ አፍ «ልማቱ የኔ ነው» የሚል ተጽፏል። ወንድሜ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ስለ ጀልባው እንኳ ሲናገር የኛ ነው የሚለው።

ደንበኛዬ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያዞራል፤ በመስታወቱ ውስጥ በበሩ በኩል ወንድሜን ያያል። መስታወት ስለሚገለብጥ ግራ እጁን ያነሣ ይመስላል። አብዛኛው ሰው አይቶ ዝም ይላል። አንዳንዱ «ያ ወንድምህ አይደለም?» ይላል፤ እኔም ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎን ጸጉሩ ብቻ እናወራለን። ከጀልበኞቹ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ነበሩ፤ አሁን ከገበያው ማዶ ካለው ወጣት ዘንድ እንደሚስተካከሉ ከጭንቅላታቸው ያስታውቃል። የመንገዱ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የቢልቦርዱ ግን በፀሐይ ኃይል ስለሚሠራ የወንድሜ መዳፍ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ አምሽቶ የሚገባ ሰው ጉድጓዱን በእሱ ብርሃን እያየ ያልፋል።

አራተኛ፦ ስለ አዲሱ መውረጃ። ከቄራው ጀርባ መሆኑ በፖሊሲው አገላለጽ «ከጎብኚዎች እይታ የተገለለ» ነው፤ እውነትም የተገለለ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይወርዳል፣ አትክልት የያዘች ሴት ዘንቢሏን በራሷ ላይ ታደርጋለች፣ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከተማውን ግማሽ ዞሮ ይደርሳል። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ጀልባ የት እንደሚቆም እንግዲህ መልስ ተገኝቷል፤ እዚያ ነው የሚቆመው። ወንድሜ በገዛ ዓይኑ ያያት ሴት ከጭቃው እስክትወጣ አራት ሰው ደግፏት ነበር። ልጇ በሰላም ተወልዷል፤ ይህን የምነግርዎ እንዳይጨነቁ ነው።

ብዙ ተሳፋሪ በእግሩ መዞርን መርጦ ቀረ። ከጀልበኞቹ አንዳንዶቹ አሸዋ መጫን ገቡ፤ አንዳንዶቹ ጀልባቸውን ለሆቴሉ ሸጠው በገዛ ጀልባቸው ላይ ተቀጥረው ነጭ ሸራ ተወጥሮባት ጎብኚ ያመላልሳሉ። የቀሩት ከቄራው ጀርባ ተራ ይጠብቃሉ። ወንድሜም ይጠብቃል። እሱን ግን የሚያየው የለም።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን በዓይኔ ለማየት ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከዳር ራቅ ብሎ ጀልባውን አቁሞ እጁን አንሥቷል። ተራ አስከባሪው አብሮ አደጉ ነው፤ ልጅ ሆነን ሐይቅ ገባችሁ ተብለን አንድ ላይ የምንገረፍ ሦስታችን ነበርን። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወንድሜ ጋ ሲደርስ አልቆመም፣ አልፎት ሄደ። ከኋላው ያለውን ጠራ። ቀጥሎም ከዚያ ኋላ ያለውን። አንዱ ቀዛፊ በአጠገቡ እያለፈ «የሱ ተራ እኮ ደርሷል፤ ከተማው መሀል ተሰቅሎ የለም እንዴ» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ወንድሜ የመጨረሻው ጀልባ እስኪያልፈው ድረስ እጁን እንዳነሣ ነበር፤ ከዚያ አውርዶ ጀልባውን ወደ ሸምበቆው ገፋ። ወርጄ ተራ አስከባሪውን ያዝኩት።

«ስማ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለኝ። «ፎቶው ግን ነበረ። ድጋፍ ሲባል እጁን ማውረድ ምን ያቅተዋል?» ተራውን እንዳያጣ ነው አልኩት። «እኛስ ምን አጣን?» አለ። እውነቱን ለመናገር ልጠላው አልቻልኩም። እሱም መውረጃውን ተነጥቋል፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚቆጣበት ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ዘንድ እንዳይደርስ ጥበቃ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቀጠሮ አለ። ወንድሜ ግን ቅርብ ነው፤ ያውም በትልቁ ታትሞ።

አምስተኛ፦ ቅሬታዬን ስለተቀበሉበት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በሄድኩ ቁጥር ተከብሬያለሁ። ወንበር ተሰጥቶኛል፣ ውሃ ተሰጥቶኛል፣ የሐይቁ ሥዕል ያለበት ቆብ ተሰጥቶኛል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋ ትሑት ልጅ ናት። የጠየቅሁት ፎቶው እንዲወርድ ነው፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ከስሩ «እጁን ያነሣው ለመጠየቅ ነበር» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር። ልጅቷ ከልቧ አዝና «ጋሼ፣ ፎቶው እኮ በጣም ነው ያማረው፤ ሌላ ቦታ ሰው ይህን ዕድል አጥቶ ነው» አለችኝ። ጽሑፍ መጨመርም የፖሊሲውን መልእክት ስለሚነካ በባለድርሻ አካላት መድረክ ቀርቦ መጽደቅ እንዳለበት አስረዳችኝ። የሚጸድቀው በምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት፣ እጅ በማውጣት ነው አለች።

ቅሬታዬን በጽሑፍ ላቅርብ ስል ደግሞ፣ ከግለሰብ ቅሬታ እንደማይወሰድ፣ በዘርፉ ተወካይ በኩል መምጣት እንዳለበት ተነገረኝ። የጀልበኞች ዘርፍ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳዩኝ። እሺ፣ ተወካዩ ወንድሜ ነው፣ ላምጣው አልኩ። ጥሩ፤ ግን ውክልናው የታደሰ መሆኑን ጀልበኞቹ በፊርማቸው ያረጋግጡለት ተባለ። ጀልበኞቹ ደግሞ ሰላምታውንም አይመልሱለትም። ይህንን ዙር ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አልቆጠርኩም፤ በአማካሪዎ ሥዕል ላይ ቀስቶቹ እርስ በርስ የሚከታተሉበት ክብ ምን ማለት እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

እዚያው ቢሮ በኮምፒውተር የሚሠራ አንድ ልጅ በአጋጣሚ ሰምቶን ሊረዳኝ ሞክሮ ነበር። «እጁን ብቻ ላጥፋው?» አለኝ በቅንነት። አየንና ተውነው፤ እጁ ሲጠፋ አንድ እጅ ያለው ሰው ሆነ። ያም ቢሆን ከዚህኛው ይሻል ነበር ብዬ ያሰብኩት ወደ ቤቴ ስመለስ ነው።

ስድስተኛ፦ ይህችን ቁጥር ለስድብ አስቀምጫት ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በጥሩ ወረቀት ላይ በደንብ አድርጌ ጽፌያት ወንድሜ አይቶ «ተው፣ ሰዎቹ አክብረውኛል» አለኝ። ስለዚህ ስድቡን ሰርዤ በምትኩ የሆነውን ልንገርዎ።

ባለፈው ሰሞን ከጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ጥሪ መጣለት። በሌላ ከተማ የተሞክሮ ልውውጥ መድረክ እንዳለ፣ እሱም አርአያ ባለድርሻ ተብሎ በክብር እንግድነት እንደተጋበዘ የሚገልጽ ነው። መኪና እንደሚላክለትም ተጽፏል። ደስ አለኝ፤ መቼም አሁን ጥሪውን ቀዶ ይጥለዋል፣ ቁርጥራጩንም ሄዶ ለተራ አስከባሪው ያሳየዋል፣ ያኔ ያምኑታል ብዬ አሰብኩ። ባለቤቱም እንደኔው ነው ያሰበችው። እሷ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከማዶ የሚመጣ ሕመምተኛ ዘግይቶ ሲደርስ የምታየው እሷ ናት፤ የጀልበኞቹ ሚስቶች ውሃ ሲቀዱ ጀርባ የሚሰጧትም እሷን ነው። «ከሄድክ እንዳትመለስ» አለችው። እንዲህ ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

እሱ ግን እሄዳለሁ አለ። ተቆጣሁ፤ ታላቄ መሆኑን ረስቼ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ የሚልህን እውነት ልታደርገው ነው ወይ፣ ያልሸጥከውን አሁን ልትሸጠው ነው ወይ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀ። መቼም የሰውን ንግግር አያቋርጥም። ከዚያ ቀስ ብሎ «እዚያ ስገባ እኮ ይነሡልኛል» አለ። «እጄን ይጨብጡኛል። ደኅና ነህ ወይ ይሉኛል። እዚህ ማነው ደኅና ነህ ወይ የሚለኝ?»

እኔ እለዋለሁ፤ ሚስቱም ትለው ነበር። እኛ ግን ጀልበኛ አይደለንም፤ እሱ የሚፈልገው ሰላምታ የእነሱን ነው፤ የእነሱን ካጣ ደግሞ የእናንተም ቢሆን ሰላምታ ሰላምታ ነው። ክቡር ሆይ፣ ከአንድ ሰው ላይ ቦታውን፣ ተራውንና ጓደኞቹን ወስዶ በምትኩ የቀረችለትን ብቸኛ ወንበር በአዳራሽ ውስጥ ማዘጋጀት፣ ይህ እንግዲህ አሳታፊነት ከሚባለው ሁሉ የጠለቀ ነው። ለዚህ አመሰግናለሁ ማለት ስላቃተኝ በዚህ ቁጥር ላይ ምስጋናውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በሌለበት በጓሮ በር ወደ ሱቄ ገባ። በፊት ለፊት መግባት ከተወ ቆይቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በመስታወቱ ውስጥ ቢልቦርዱን እያየ «እንደዚያው አድርገህ ቁረጠኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ከስቷል፣ ሽበቱም በዝቷል። ባለፈው ወር ጽሕፈት ቤትዎ ወደ ጠራው አንድ ስብሰባ ሲሄድ የበሩ ጥበቃ ከፎቶው ጋር አስተያይቶ አንተ አይደለህም ብሎ መልሶት ኖሯል። አሁን እንዳይመልሱት ነው። ሽበቱን አጠቆርኩለት፣ ጎኑን አሳጠርኩለት፣ ፎቶውን እያየሁ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጸጉር ሳይቀር አስተካከልኩለት። ከሥራዬ ሁሉ የከፋውን ሥራ ነው የሠራሁት፤ እሱ ግን ራሱን በመስታወት አይቶ ደስ አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

ክቡርነትዎ በሄዱበት ሁሉ መንገዱ እንዲቀናልዎ፣ መድረክዎ እንዲደምቅ፣ ድጋፍ ሲጠይቁ በአዳራሹ ውስጥ የወረደ እጅ እንዳይኖር፣ ጥያቄም ካለ ምሳ ከቀረበ በኋላ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ መልስ ለመስጠት ጊዜዎን እንዳያባክኑ አደራ በማለት፣ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ እጅ የሚነሣዎ፤

የዘላቂ ልማት ተጠቃሚ፣
የተረኛው ታናሽ ወንድም፣
ጸጉር አስተካካዩ

ግልባጭ፦
ከቄራው ጀርባ ላሉ ጀልበኞች በሙሉ
ለተራ አስከባሪው፤ የማንበቢያ መነጽሩ ስለተሰበረ ጎኑ ያለ ሰው ያንብብለት

ሳልጽፈው የተረሳ፦ ጸጉሩን እየቆረጥኩት ሳለ ያቺን የመውረጃዋን ጥያቄ እዚያኛው መድረክ ላይ ትጠይቃታለህ ወይ ብዬው ነበር። «ምኗን?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ «እሱማ አለፈ» አለ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ ወንድሜ እጁን ሲያነሣ ደግፏል ብለው ቢቆጥሩት አይሳሳቱም።